64 ባይት ውስጥ ያልገባው ማስጠንቀቂያ

ባለፈው ሳምንት ማታ ኢንቦክስ መልእክት ገባልኝ። «ቲቸር ሰላም ነዎት? ያቺ ነጋሪ ያልናት ላይብረሪ አሁንም አለችዎት? ለፕሮጀክት ፈልጌያት ነው» ይላል። የላከችው 11ኛ ክፍል ያስተማርኳት ልጅ ናት፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ደርሳለች። ስሟን አልጠራም። ያን ዓመት ክፍሉ ውስጥ የነበራችሁ ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ። ፋይሉን ወዲያው ላኩላት። ከላኩላት በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚያች ላይብረሪ እውነቱን የነገርኩት ለእሷ ብቻ ነው፤ ጥፋተኛ ያደረግኳት ግን በ50 ተማሪ ፊት ነበር።

ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ኮድ የማትጽፉ ጓደኞቼም አትሽሹ፤ በተቻለኝ አቅልዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ዕቃዋን ላስተዋውቃችሁ። አርዱዊኖ ኡኖ ከመታወቂያ ካርድ ትንሽ የምታንስ ሰሌዳ ናት። ክበብ ውስጥ ያሉን የቻይና ኮፒዎች ናቸው፤ ሲኤች340 የሚባለውን ድራይቨር ካልጫናችሁላቸው ላፕቶፑ ዞር ብሎም አያያቸው። ሰሌዳዋ ላይ ያለው ቺፕ፣ አትሜጋ328ፒ፣ ለፕሮግራም 32 ኪሎ ባይት፣ እየሰራ ለሚያስታውሰው ነገር ደግሞ 2 ኪሎ ባይት አለው። 2,048 ባይት፣ በቃ። ስልካችሁ ውስጥ ያለች አንዲት ፎቶ ከዚህ ከሺህ እጥፍ በላይ ትሆናለች። ስክሪን የላትም፣ ኪቦርድ የላትም። የሆነ ነገር ሲበላሽ «ይህ ፕሮግራም ቆሟል» የሚል መስኮት አይከፈትም። ዝም ነው የምትለው።

ስለዚህ ውስጧ ምን እየሆነ እንዳለ ለማወቅ ያለን ቀላሉ መንገድ በዩኤስቢ ገመዱ በኩል ጽሑፍ እንድትልክልን ማድረግ ነው። «እዚህ ደርሻለሁ»፣ «ሙቀቱ ይህን ያህል ነው»፣ «አሁን አምፖሉን አበራሁ»። ይሄ የጀማሪ ዘዴ ይመስላችኋል? ብራያን ከርኒገን፣ የሲ ቋንቋን መጽሐፍ ከጻፉት ሁለት ሰዎች አንዱ፣ ገና በ1979 ለዩኒክስ ጀማሪዎች ባዘጋጀው ጽሑፍ ላይ ስህተት ለማግኘት ከማሰብ ጋር ተዳብሎ የሚጠቅመው ነገር በቦታው የገባ የህትመት መስመር ነው ብሎ ነበር። እኔም ይሄንኑ ነው ለልጆቹ የማስተምረው።

ችግሩ የመጣው ከቋንቋው ነው። ልጆቹ ኮዱን እንደምንም ይጽፉታል፤ የእንግሊዝኛ መልእክት እየተንጋጋ ሲመጣ ግን ማንበቡን ትተው ወደኔ ያያሉ። አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ መልእክቱ ሁሉ በአማርኛ የሚወጣባት ትንሽ ላይብረሪ ጻፍኩ። ሦስት ደረጃ ነበራት፦ መረጃ፣ ጥንቃቄ፣ አደጋ። ከፊት ለፊቱ ሰሌዳዋ ከተነሳች ስንት ሰከንድ እንደሆነ ይታተማል፣ ከዚያ ዓረፍተ ነገሩ ይከተላል። ስሟን «ነጋሪ» አልናት።

እውነቱን ለመናገር ሠርታለች። የዚች ልጅ መሣሪያ አንድ ቀን አምፖሉን አላጠፋም አለ። ነጋሪ ስትጠየቅ «ሙቀት −127» ብላ አረፈች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ነገሩ ግን ከባድ አልነበረም፤ የሙቀት መለኪያዋ፣ ዲኤስ18ቢ20 የምትባለው፣ መልስ ሳትሰጥ ስትቀር የምንጠቀምበት ኮድ −127 ነው የሚመልሰው። ገመዷ ላልቶ ነበር። ፕሮግራሙ ደሞ «ከሰሜን ዋልታ ይብሳል እኮ» ብሎ አምፖሉን እያነደደ ነበር። ያቺ አንድ መስመር ባትታተም ሳምንት እንፈልግ ነበር። እኔም ያን ቀን ደረቴን ነፋሁ።

አሁን ወደ ዕንቁላሉ።

ልጅቷ የጫጩት መፈልፈያ ነበር የምትሰራው። ወፍራም ካርቶን፣ ሁለት ባለ 40 ዋት አምፖል፣ ከአሮጌ ኮምፒውተር የተነቀለ ፋን፣ አንድ ሪሌ። የዶሮ ዕንቁላል 21 ቀን፣ 37.5 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ይፈልጋል። እናቷ ከሐበሻ ዶሮዎቻቸው 18 ዕንቁላል አጠራቅመው ሰጧት። ቀኑን ቆጥራ ነው ያስገባችው፤ 21ኛው ቀን የወላጆች በዓል ላይ እንዲውል። ወላጆች ሲመጡ ጫጩት እየተፈለፈለ እንዲያዩ።

ኮዱን ስትጽፍ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ቲቸር፣ ሙቀቱ 39 ሲያልፍ መጀመሪያ አምፖሉን ላጥፋው ወይስ መጀመሪያ ላሳውቅ?» እኔም ሳላቅማማ፣ «መጀመሪያ አሳውቂ። ካልተናገረ ለምን እንዳጠፋው በምን እናውቃለን?» አልኳት። እንዳልኳት ጻፈችው። መጀመሪያ ነጋሪ ትናገራለች፣ ቀጥሎ አምፖሉ ይጠፋል።

በ16ኛው ቀን ንጋት ላይ የግቢው ጥበቃ ደወሉልኝ። «መምህር፣ ላቦራቶሪው ውስጥ የሆነ ነገር ይሸታል።» ስደርስ ሁለቱም አምፖሎች ቦግ ብለዋል። ካርቶኑ ውስጥ ለማመሳከሪያ የተቀመጠው የመስታወት ቴርሞሜትር 50ን አልፏል። በኋላ የጨመርንላት ባለ ሁለት መስመር ስክሪን ግን (እሷ ፊደላችንን አታውቅም፣ ቁጥር ብቻ ነው የምናሳይባት) 37.6 ይላል። ዝንፍ አይልም። ደንዝዛ ቀርታ ነው። አንዱን ዕንቁላል ሰበርነው። ውስጡ የነበረውን አልገልጽላችሁም፤ 16 ቀን የሆነው ጫጩት ምን እንደሚመስል ባዮሎጂ የተማራችሁ ታውቃላችሁ።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የእነሱ ክፍል ነበር። ገባሁ። ተናድጄ ነበር፣ በዓሉም ደርሶብኝ ነበር፣ እሱ ግን ምክንያት አይሆንም። «ያልተፈተሸ ኮድ ነፍስ ያለው ነገር ላይ አይገጠምም። ይሄ ቸልተኝነት ነው» አልኩ፣ ስሟን ጠርቼ። «እሺ ቲቸር» አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

በማግስቱ እናቷ ቤት ሄድኩ፤ ዕንቁላሉን ልከፍል። «እትዬ፣ የዕንቁላሉን ላድርግ ብዬ ነው የመጣሁት» አልኳቸው። «አይ መምህር፣ ዶሮዎቹ እኮ አሉ፣ ይጥላሉ። ልጄን ግን ምን ብለዋት ነው? ከትላንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም» አሉኝ። ቡና አፍልተው ነው ይሄን ያሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ሰሌዳዋን ይዤ ቤት ገባሁ። ያለ ዕንቁላል፣ መለኪያዋን ሻይ ብርጭቆ ውስጥ ነክሬ፣ ትንሽ ትንሽ ሙቅ ውሃ እየጨመርኩ ሞከርኩት። 38 ደህና። 38.5 ደህና። 39ን ሲያልፍ ቀጥ። አምፖሉ እንደበራ። ደገምኩት፣ ቀጥ። ይሄ ዓይነት ስህተት መልካም ስህተት ነው፣ ሁልጊዜ ይመጣልና። የሚያስጠላው አንዳንዴ ብቻ የሚመጣው ነው። ሪሌው ጩኸት እየፈጠረ ይሆናል ብዬ ቀየርኩት፣ ያው ነው። አስማሚውን ቀየርኩት፣ ያው ነው። የአደጋዋን የህትመት መስመር ሳጠፋት ግን አምፖሉ በ39 እንደ ጨዋ ልጅ ጠፋ። መልሼ ሳስገባት ቀጥ።

እዚህ ላይ እንኳ አልገባኝም፣ ታምናላችሁ? «ህትመቱ ቺፑን አጨናንቆት ነው» አልኩ። በሦስተኛው ማታ የኔ ላፕቶፕ ባትሪ አልቆ መብራትም ስላልነበረ የጎረቤት ላፕቶፕ ተዋስኩ። እሱ ላይ ፊደሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ነው የሚወጣው። ለጊዜው ብዬ የአደጋውን መልእክት በእንግሊዝኛ ቀየርኩት። ውሃ ጨመርኩ። 39 አለፈ። መልእክቱ መጣ። አምፖሉ ጠፋ። ፈዝዤ ቀረሁ። በአማርኛ ሲሆን ይቆማል፣ በእንግሊዝኛ ሲሆን ይሰራል።

መልእክቷ ይቺ ነበረች፦ «አደጋ! ሙቀቱ ከመጠን በላይ ሆኗል፣ አምፖሉ እየጠፋ ነው»። ክፍተቱንና ቃለ አጋኖውን ጨምራችሁ ቁጠሩት፤ 35 ነው። እኔ ነጋሪን ስጽፍ ዓረፍተ ነገሩ የሚሰናዳበት 64 ባይት ቦታ አዘጋጀሁ። 64 ፊደል የሚሞላ ዓረፍተ ነገር ማን ይጽፋል ብዬ። ነገር ግን ኮምፒውተሮች በሚጠቀሙበት በዩቲኤፍ-8 አሠራር የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ የእኛ ፊደል እያንዳንዱ ሦስት ባይት ነው። «፣» ራሷ ሦስት ናት። 27ቱ የእኛ ምልክቶች 81 ባይት፣ ቃለ አጋኖዋና ሰባቱ ክፍተቶች 8፣ ድምሩ 89፤ መጨረሻ ላይ የሚቀመጠው ዜሮ ሲጨመር 90። የሰከንዱ ቁጥር ገና አልተቆጠረም። 64 ቦታ ላይ።

ውሃ ከበርሜል ሲተርፍ መሬት ላይ ይፈሳል። እዚህ ግን የሚፈሰው ጎረቤት ላይ ነው። አንድ የፕሮግራም ክፍል ሌላውን ሲጠራ «ስትጨርስ ወደዚህ ተመለስ» የሚል አድራሻ እዚያው አጠገብ ያስቀምጣል። ልጅ ሱቅ ስትልኩ የመመለሻውን መንገድ ወረቀት ላይ እንደመጻፍ ነው። የተረፈው 26 ባይት የሄደው ያ ወረቀት ላይ ነው። ነጋሪ ተናግራ ስትጨርስ መመለሻዋ ላይ የተጻፈው አድራሻ የ«አምፖሉ» ቁራጭ ሆኖ ነበር። ወዴት ትመለስ? ሌሎቹ መልእክቶች ሁሉ አጫጭር ነበሩ፤ «ሙቀት ደህና ነው» 26 ባይት ብቻ ናት። ከሁሉ ረጅሟ፣ አስቸኳይዋ፣ በፈተና ጊዜ አንድም ቀን ያልወጣችው አደጋ ብቻ ናት ያልገባችው። እና ከእሷ በኋላ ነበር አምፖሉ የሚጠፋው።

ኤስፕሪንትኤፍ የሚባለው ትዕዛዝ ነው ይሄን ያደረገው፤ የሰጣችሁት ቦታ ስንት እንደሆነ አይጠይቅም። ወሰን የሚቀበለው ወንድሙ ስሙ ላይ አንዲት «ኤን» ብቻ ነው የምትጨመረው። አንዲት ፊደል።

ለልጅቷ የነገርኳት በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው። የእሷ ጠረጴዛ በዓሉ ላይ ባዶ ነበር። በረንዳው ላይ ጠርቼ ወረቀት ላይ እየሳልኩ አስረዳኋት፤ የኔ ላይብረሪ እንደሆነ፣ ቅደም ተከተሉንም የነገርኳት እኔ እንደሆንኩ። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ማለት ቲቸር፣ የሞተው ሊናገር ሲል ነው?» አለች። አዎ አልኳት። ትንሽ ቆይታ «ታዲያ እናስተካክላታ» አለች። ለክፍሉ እናገራለሁ ብዬ ነበር። ፈተና መጣ፣ ትምህርት ተዘጋ፣ እኔም ዝም አልኩ። ዝም ማለቱ ቀሎኝ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ክረምቱን ነጋሪን እንደ አዲስ ሰራናት። ከዚህ በታች ያለው ኮድ ለምትነካኩ ይጠቅማል፤ ሌላው የፈለገ ይዝለል፣ መጨረሻው ላይ እንገናኛለን።

መጀመሪያ የሞከርነው ቀላሉን ነው፦ ወሰን ማበጀት። 64 ሲሞላ ይቁረጠው። ሲቆርጠው ግን ፊደል መሃል ላይ ይቆርጣል፤ ከሦስቱ ባይት አንዱ ገብቶ ሁለቱ ይቀራሉ፣ ስክሪኑ ላይ ጥያቄ ምልክት ያለበት ሳጥን ይወጣል። ቦታውን 128 እናድርገው አልኩ። እሷ ግን ጽሑፎቹን ሁሉ ደምራ መጣች። 40 መልእክት ነበሩን፤ ሁሉም ሲደመሩ ከ1,100 ባይት በላይ ናቸው። በዚህ ቺፕ ላይ በትዕምርተ ጥቅስ የጻፋችሁት ጽሑፍ ሁሉ፣ ተለይቶ ፍላሽ ውስጥ ይቅር ካልተባለ በቀር፣ ሰሌዳዋ ስትነሳ ወደ ራም ይገለበጣል። ከ2,048 ውስጥ ከግማሽ በላዩን የያዘው ሥራው ሳይሆን ስለ ሥራው የሚያወራው ወሬ ነበር። ፍላሽ ውስጥ የማስቀረቱን መንገድ አውቀዋለሁ፣ «ኤፍ» የምትባል ማክሮ አለች፤ በገመዱ ላይ የሚሄደውን ርዝመት ግን አታሳጥረውም።

ስለዚህ ጽሑፉን ከቺፑ አስወጣነው። አሁን ቺፑ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። «9» ይላል፤ 9 ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ላፕቶፑ ላይ ያለ አንድ የጽሑፍ ፋይል ነው። እያንዳንዱ መልእክት 7 ባይት ሆነ፦ አንድ ለመነሻ ምልክት፣ አንድ ለመልእክት ቁጥር፣ ሁለት ለሰዓት፣ ሁለት ለተለካው ዋጋ፣ አንድ ለማረጋገጫ። ላፕቶፑ ላይ አጭር የፓይተን ፕሮግራም ይቀበለውና ዓረፍተ ነገሩን ያወጣል። በ9600 ፍጥነት አንድ ባይት ከመነሻና ከማቆሚያ ምልክቱ ጋር 10 ቢት ስለሆነ በሰከንድ 960 ባይት ነው የሚያልፈው። የድሮዋ አደጋ ለመሄድ 93 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጅባት ነበር፤ አዲሷ ከ8 በታች። ዓረፍተ ነገሩም እንደልብ ይርዘም፤ አንድ ልጅ ፋይሉን በአፋን ኦሮሞ አድርጎት ቺፑ ላይ ምንም ሳይነካ ሰርቶለታል።

ዋጋ አለው ታዲያ። ሠንጠረዡና ኮዱ ካልተስማሙ ላይብረሪዋ ዓይኗን ሳታሽ ትዋሻለች። አንዴ መሃል ላይ አዲስ መልእክት አስገብተን ቁጥሮቹ ሁሉ በአንድ ተገፉ፤ አምፖሉ ሲጠፋ «በራ» እያለችን ሙሉ ከሰዓት አለፈ። ከዚያ ወዲህ ሕጉ አንድ ነው፦ አንድ ጊዜ የተሰጠ ቁጥር ለሌላ አይሰጥም፣ አዲስ የሚጨመረው ከመጨረሻ ነው።

ዋጋው ደግሞ ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው። 37.5 የሚላከው 375 ሆኖ ነው። በነጥብ ያሉ ቁጥሮችን በዚህ ሰሌዳ ላይ በኤስፕሪንትኤፍ ለማተም የሞከራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከቁጥሩ ይልቅ የጥያቄ ምልክት ይወጣላችኋል፣ ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ያ ክፍል ስለተተወ።

የተከራከርነው ወረፋው ላይ ነው። የአርዱዊኖ የተለመደው ህትመት 64 ባይት የመላኪያ ወረፋ አለው፤ ወረፋው ሲሞላ ፕሮግራሙን ቆሞ እንዲጠብቅ ያደርገዋል። መናገር ሥራን ማስቆም የለበትም፣ እዚህ ላይ ተስማማን። ስለዚህ ነጋሪ የራሷ 16 መልእክት የሚይዝ ክብ ወረፋ አላት፤ ሲሞላ አትጠብቅም፣ የሆነውን ትጥላለች። ግን የትኛውን ትጣል? እኔ አዲሱን አልኩ፤ ችግር ሲጀምር የመጀመሪያው ነው መንስኤውን የሚያሳየው። እሷ አሮጌውን አለች። «ቲቸር፣ እኛ ያን ቀን ያጣነው መጨረሻ ላይ ምን እንዳለ ነው» አለች። የእሷ ሐሳብ ጸና። የተጣለው ስንት እንደሆነ ግን ይቆጠራል፤ ላፕቶፑ ላይ «እዚህ መሃል 5 መልእክት ጠፍቷል» ይላል። የጠፋ መኖሩን የማይናገር መዝገብ ከሌለ መዝገብ ይብሳል፣ ሙሉ መስሎ ያታልላልና።

መብራትስ? እኛ አገር ላፕቶፕ ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ አያድርም። ቺፑ ኢኢፕሮም የምትባል 1,024 ባይት የማትጠፋ ማስታወሻ አለችው፤ መብራት ቢጠፋም ይዛ ትቆያለች። ሁሉንም እዚያ እንጻፍ እንዳትሉ። አንዱ ቦታ 100,000 ጊዜ ለመጻፍ ነው ዋስትና ያለው። በየ2 ሰከንዱ ብትጽፉበት በቀን 43,200 ነው፤ ሦስት ቀን ሳይሞላ ዋስትናው አለቀ። አንዷን ባይት ለመጻፍም 3.3 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ስለዚህ እዚያ የሚገባው አደጋ ብቻ ነው፣ እየተዟዟረ።

ማጥፊያም ሰራንላት፤ አንዲት ቁጥር ዜሮ ስታደርጉ የነጋሪ መስመሮች በሙሉ ከፕሮግራሙ ይወገዳሉ። እኔ ግን አጥፉት ብዬ አልመክርም። ስትፈትኑት የኖራችሁትና የምትገጥሙት ፕሮግራም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይሆናሉ። የባሰም አለ፦ አንድ የክበባችን ልጅ መለኪያዋን የሚያነበው በነጋሪ ቅንፍ ውስጥ ነበር። ማጥፊያውን ሲጫን ንባቡም አብሮ ጠፋ። በቅንፉ ውስጥ ሥራ አታስገቡ፣ የተሰራውን ውጤት ብቻ አስገቡ።

እና ቅደም ተከተሉ። ይሄ የላይብረሪዋ ጉዳይ አይደለም፣ ግን የመመሪያ ወረቀቷ የመጀመሪያ መስመር ላይ ጽፌዋለሁ። መጀመሪያ አምፖሉን አጥፋ፣ ከዚያ ተናገር። በተጨማሪ ዋችዶግ የሚባለውን የቺፑን ጠባቂ ሰዓት አብርተናል፤ ፕሮግራሙ 8 ሰከንድ ሙሉ ደህንነቱን ካላሳወቀው ቺፑን ከዜሮ ያስነሳዋል።

እናቷ ድጋሚ 18 ዕንቁላል ሰጡን። ክረምት ነበር፣ ግቢው ባዶ። በዘጠነኛው ሌሊት መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል አደረ። ጠዋት ሄደን ከፈትነው፤ ሙቀቱ 37.4፣ ሁሉም ደህና። ላፕቶፑን ሰክታ ኢኢፕሮሙን አነበበች። አንድ መዝገብ አለ፦ መልእክት 9፣ ዋጋ 850።

«85 ዲግሪ? ዕንቁላሉ ግን ደህና ነው እኮ» አለች። ተያየን። የዲኤስ18ቢ20ን የመረጃ ወረቀት አወጣን። መለኪያዋ ኃይል ተቋርጦ ስትነሳ፣ ገና ምንም ሳትለካ፣ ማስታወሻዋ ላይ ተቀምጦ የሚገኘው ቁጥር 85 ነው። መብራቱ ሲርገበገብ መለኪያዋ ለቅጽበት ወድቃ ተነስታለች፤ ፕሮግራሙ 85 አነበበ፤ አደጋ አለ፤ በዚህ ጊዜ ግን መጀመሪያ አምፖሉን አጠፋ፣ ቀጥሎ ቁጥሩን ጻፈ፣ ከ2 ሰከንድ በኋላ 37.5 ሲያነብ መልሶ አበራ። በ16ኛው ቀን ሌሊት የሆነውም ይሄው ነበር ማለት ነው፤ ያኔም መብራቱ ሲቆራረጥ እንዳደረ ጥበቃው ነግረውን ነበር። ሙቀቱ ከመጠን በላይ አልነበረም። ሐሰተኛ አደጋ መጣ፣ ነጋሪ ያንን ልትናገር ስትል መንገዷ ጠፋባት፣ አምፖሉ እንደበራ ቀረ፣ እውነተኛው አደጋ የተፈጠረው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ «ቸልተኝነት» ብዬ የጠራሁት ይሄ ነው።

ከ18ቱ 11 ተፈለፈሉ። ያየነው እሷ፣ እናቷ፣ ጥበቃውና እኔ ነን። የወላጆች በዓል አልነበረም፣ የሚያጨበጭብ ክፍልም አልነበረም።

ያን ቀን በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ የነበራችሁ፣ ብዙዎቻችሁ እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የእሷ ኮድ ትክክል ነበር። ስህተቱ የኔ ላይብረሪ ውስጥ ነበር፣ ቅደም ተከተሉም የኔ ምክር ነበር። የዘገየሁት በሦስት ዓመት ነው። አንቺም ይቅርታ አድርጊልኝ፤ በረንዳ ላይ ያልኩሽ አይበቃም ነበር።

ፋይሉን ለሁላችሁም ቴሌግራም ቻናሌ ላይ ልለጥፈው ስል ትላንት ማታ ሌላ መልእክት ላከችልኝ። «ቲቸር፣ ስትነሳ ስሟን የምታስተዋውቅበትን መስመር አይተውታል? እዚያ ጋ አሁንም ወሰን የሌለው ግልበጣ አለ።» ከፍቼ አየሁት። አለ። ዛሬ ማታ አስተካክዬ እለጥፈዋለሁ፤ እስከዚያ ከኔ የወሰዳችሁ ካላችሁ ምንም ነገር ላይ እንዳትገጥሟት።